የሦስት ሳፋ ምስክር

ሥራነሽ አንድ ነገር ከጀመረች የሚመልሳት የለም፤ ባሏ አወቀ ይህን ከሠርጋቸው ማግሥት ጀምሮ ያውቃል። ስለዚህ ከጓሮው በታች ያለውን ረግረግ ቆፍራ ዓሣ ልታረባ እንዳሰበች ስትነግረው አልተከራከራትም። አካፋውን ከተሰቀለበት አወረደና «ስፋቱ ስንት ክንድ ይሁን?» አላት። አወቀ በቀን ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ ማውጣት የማይወድ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ድርሻውን በዚሁ ጨረሰ።

መንደሩ ግን እንደ አወቀ ዝም አላለም። ከአማኑኤል ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቀው በዚያ ቀበሌ፣ ጤፍና ስንዴ ትቶ ውኃ የሚያርስ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ጎረቤቷ ወለተ ሰንበት ምላሷ ምላጭ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት አስታውሳ፣ ሥራነሽ የሰማይ ላሟን አውርዳ ውኃ ውስጥ ከተተቻት እያለች ገበያ ለገበያ አወራች። ሥራነሽ ሰምታ ሳቀች። እሷ ዓሣ ያማራት ለሆዷ አልነበረምና።

ነገሩ የዘኪያ ነው። ዘኪያ አማኑኤል ከተማ ውስጥ የባጃጅ ጋራዥ ያለው የኻሊድ ሚስት ናት፤ ከሥራነሽ ጋር ከተዋወቁ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ሥራነሽ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ስትተኛ ገንፎውን ያገነፋችው ዘኪያ ናት። የዘኪያ እናት የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ከአጠገቧ ያልተለየችው ሥራነሽ ናት። እንዲህ ሆነው ሳለ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከአንድ ትሪ የሥጋ ወጥ ቆርሰው አያውቁም። የክርስቲያን ቢላዋ ያረደውን ዘኪያ አትቀምስም፤ የሙስሊም ቢላዋ ያረደውን ሥራነሽ አትነካም። በፋሲካ ለዘኪያ ለብቻዋ ሽሮ ይቀርብላታል፤ በዒድ ለሥራነሽ ለብቻዋ ምስር ይሠራላታል። የየሃይማኖታቸው ነውና ማንም ማንን አይቀየምም። ግን በዓመት በዓል ቀን የልብ ጓደኛን ለብቻ አስቀምጦ ሽሮ ማብላት ሥራነሽን ሁልጊዜ ያንገበግባታል።

ታዲያ ፀደንያ የምትባል፣ በሞተር ሳይክል ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞር ወጣት የዓሣ ባለሙያ መጥታ በስብሰባ ላይ ስለ ዓሣ ርባታ ስታስረዳ፣ ሥራነሽ እጇን አውጥታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ዓሣን የሚያርደው ማን ነው? ፀደንያ መጀመሪያ ግር አላት። ከዚያ ዓሣ እንደማይታረድ፣ ከውኃ ሲወጣ በራሱ እንደሚሞት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ድስት ሊበላው እንደሚችል ነገረቻት። ሥራነሽ ያን ቀን ቤቷ ስትደርስ ኩሬው በሐሳቧ ተቆፍሮ ውኃም ሞልቶበት ነበር።

ፀደንያ ያመጣችላት ዓሣ ካርፕ የሚባል፣ ብርድ የሚችል፣ አፉ ዳርና ዳር አጫጭር ጢም ያለው ነው። የደብሩ ሊቅና የአገሩ አስታራቂ አለቃ የኔአለም ጢሙን አዩና፣ ይኼማ ሽማግሌ ነው፣ ሊያስታርቀን መጥቶ ይሆናል ብለው ቀለዱ። ሥራነሽ በበኩሏ ዓሣዎቹ ራሳቸው እንቁላል ጥለው ጫጩት እስኪያወጡ ድረስ አንዱንም ላትነካ ማለች። ያኔ የመጀመሪያዋ ትሪ የእሷና የዘኪያ ናት።

በሁለተኛው ዓመት ዓሣዎቹ ክንድ ሊያክሉ ምንም አልቀራቸውም፤ የሳቀውም ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ወለተ ሰንበት ሳታፍር መጥታ ኩሬ እንዴት እንደሚቆፈር ጠየቀች፤ እሷን ተከትለው ሌሎች አምስት ሴቶች ቆፈሩ። ሥራነሽ ለስድስቱም በሰው ፊት ቃል ገባች፤ እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ የዓሣ ጫጩት በጀሪካን ሞልታ ታስረክባቸዋለች። ወለተ ሰንበትም በዚያው ሰው ፊት መለሰች፤ ሰኔ ሚካኤል ካለፈ ሁሉም ጉድጓዳቸውን መልሰው ደፍነው ድንች ይተክሉበታል፣ ስሙም የሥራነሽ ድንች ይባላል። ሰዉ ሳቀ፤ ሥራነሽም ሳቀች። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አላት።

ጥር ላይ የጎረቤት ጥጃ ኩሬው ውስጥ ገብታ በስንት መከራ ወጣች። ሥራነሽ በሳምንቱ የባሕር ዛፍ አጣና አስቆርጣ የኩሬውን ዙሪያ አጠረች፤ ለዓሣዎቹ ምግብ የምትበትንበትም ርብራብ ውኃው ውስጥ እንጨት ተክላ ሠራች። ምስጥ በሁለት ዓመት እንዳይበላባት ደግሞ አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። ከኻሊድ ጋራዥ አንድ ጀሪካን የተቃጠለ የሞተር ዘይት አስመጣች። ኻሊድ ለጓደኛው ሚስት፣ ለሚስቱም ጓደኛ የሚነፍገው ነገር የለውም፤ ሁለተኛ ጀሪካንም ጨመረላት። ሥራነሽ ጨርቅ በእንጨት አስራ አጣናውን አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባችው። ስድስቱ ሴቶችም አይተው እንደሷ አጠሩ፣ እንደሷም ቀቡ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ውኃው ላይ ቀለም ታየ። ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ሆኖ በስሱ ይንሳፈፋል። ሥራነሽ ወለተ ሰንበትን ጠርታ አሳየቻት፤ ማርያም መቀነቷን ጣል አድርጋልኛለች፣ ዘንድሮ ይባርክልኛል አለቻት። ወለተ ሰንበት እንኳን በዚህ አልቀለደችም፤ አማተበች።

በመጋቢት ዓሣዎቹ ሥራነሽ አስራ በጣለችላቸው ቄጠማ ላይ እንቁላል ጣሉ። ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ጠጅ የመሰለ፣ ቄጠማው ላይ ሙጭጭ ያለ እንቁላል ነው። ሥራነሽ በቀን አሥር ጊዜ እየወረደች ታየው ነበር። በሳምንቱ ተፈለፈለ፤ እሷም ደስታዋን ለማን እንደምትነግር ጠፋባት። ጎንበስ ብላ ስታይ ግን ደስታዋ ቀዘቀዘ። ጫጩቶቹ ልክ እንደ ማጭድ ጎብጠዋል። ወደ ፊት መሄድ አቅቷቸው ባሉበት ይሽከረከራሉ። በአራት ቀን ውስጥ አንድ አልተረፈም። ወለተ ሰንበት የሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል አስረጨች። በሚያዝያ መጀመሪያ ዓሣዎቹ ደግመው ጣሉ፤ ደግሞም ጎበጠ፤ ደግሞም አለቀ። ትልልቆቹ ዓሣዎች ግን ምንም ሳይሆኑ ይፈነጥዛሉ። ይኼ ነበር ሥራነሽን ያሳበዳት።

ፀደንያ ሞተሯን አስነሥታ መጣች። ከሟቾቹ መካከል ጥቂቱን በብርጭቆ ቀድታ በአጉሊ መነጽር ካየች በኋላ ፊቷ ተለወጠ። መነጽሩን ለሥራነሽ ሰጥታ ከጫጩቷ አገጭ ሥር ውኃ የቋጠረውን እብጠት አሳየቻት። እዚያ ያለው ልቧ ነው አለቻት፤ ዘይት እንቁላሉ ውስጥ ሲገባ ገና በመሠራት ላይ ያለውን ልብ ያደክመዋል፣ ልቡ ሲደክም ውኃ ይቋጥራል፣ አከርካሪዋም ቀጥ ማለት ያቅተዋል። ሥራነሽ ታዲያ ትልልቆቹ እንዴት ዳኑ ብላ ጠየቀች።

«ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ዝናብ ቢዘንብበት ምንም አይሆንም» አለች ፀደንያ። «ግድግዳው ገና እርጥብ ጭቃ ሳለ ከዘነበበት ግን ይጎብጣል። ትልልቆቹ ተሠርተው ያለቁ ናቸው፤ እንቁላሉ ግን እርጥብ ጭቃ ነው። ለእንቁላል ዓይን የማያየው ዘይት ይበቃዋል።»

ከዚያ ውኃው ላይ ያለውን ቀለም አየችና ይኸው ዘይት ብላ ጠቆመች። የማርያም መቀነቷ ዘይት ሆኖ ሲገኝ ሥራነሽ ጎንበስ ብላ ውኃውን በጣቷ ነካካችው። ፀደንያ ኩሬው አጠገብ ዘይት የነካው ነገር እንዳለ ጠየቀቻት። ሥራነሽ በሚካኤል ስም ምላ የለም አለች። አልዋሸችም። ለእሷ አጣናው ላይ ያለው ነገር ዘይት አልነበረም፤ የምስጥ መድኃኒት ነበር። ፀሐይና ጤዛ ተፈራርቀውበት ጥቁረቱ ጭስ የጠጣ የቤት እንጨት አስመስሎታል፤ ፀደንያም ልብ አላለችውም። እንግዲያውስ ከላይ ከወንዙ ይሆናል፣ ፈልጉት ብላ ሄደች።

ሥራነሽ መፈለግ አልወደደችም፤ ማግኘት ነው የወደደችው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ኩሬዋን የሚሞላውን ወንዝ ይዛ ሽቅብ ወጣች። አማኑኤል መግቢያ ካለው ድልድይ ሥር ስትደርስ አምስት ባጃጅ ጎማቸው ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ተደርድረው እየታጠቡ ነው። ኻሊድ ራሱ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጨርቅ ይዞ ሞተር ይወለውላል። በሥሩም የማርያም መቀነት እየተንሳፈፈ ቁልቁል ይወርዳል።

እዚያ የተባለውን ሁሉ መድገም ነውር ነው። ሥራነሽ ኻሊድን ሆን ብሎ ውኃዋን እንደመረዘ፣ የስድስት ሴት ላብ ደመ ከልብ እንዳስቀረ ነገረችው። ኻሊድም በትዕግሥት የታወቀ ሰው ሳለ፣ ባጃጅ ዓሣ ሲገድል ከየትኛው መጽሐፍ አነበብሽ ብሎ መለሰላት። ሥራነሽ መጽሐፉን በሽማግሌ ፊት አነብልሃለሁ አለች። ጩኸቱን ሰምታ ከቤቷ የወጣችው ዘኪያ በመሐላቸው ቆመች።

«ስትጨርሱ ንገሩኝ» አለች። «እኔ የሁለታችሁም ነኝ።» ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች። ሥራነሽ ያን ቀን መንገዱን ሁሉ እየተቆጣች ተመለሰች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ቁጣው አልቆ የዘኪያ ቃል ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ዕለት ከድልድዩ አጠገብ ብሳናው ሥር ሽምግልና ተቀመጠ። አለቃ የኔአለም ጭራቸውን ይዘው መሐል ተቀመጡ፤ መንደሩም ሥራውን ትቶ መጣ፣ እንዲህ ያለ ክርክር በየዓመቱ አይገኝምና። ሥራነሽ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመችና ከአባቷ የወረሰችውን የሙግት ወግ ለቀቀችው። የወንዙን መንገድ ቆጠረች፣ ለሞቱት ጫጩቶች አዘነች፣ በመጨረሻም እንደ ድሮ ሙግተኛ ውርርድ ገባች።

«ከተሸነፍኩ» አለች፣ «የኻሊድን ባጃጆች ሰባት ቅዳሜ በእነዚህ እጆቼ አጥባለሁ።»

ኻሊድም ተነሣና፣ እሱ ከተሸነፈ ጋራዡን ዘግቶ ሰባት ቅዳሜ የኩሬዋ ዘበኛ እንደሚሆን ተወራረደ። ሰዉ በሳቅ ተንፈራፈረ። ዘኪያ ብቻ አልሳቀችም፤ ሥራነሽ ይህን ያየችው ሁሉም ከሳቀ በኋላ ነው።

አለቃ የኔአለም ምስክር ጠየቁ። ዓሣ አፍ የለውም፣ ወንዝም አይምልም። ያን ጊዜ ከኋላ ቆማ የነበረችው ፀደንያ አንድ ሐሳብ አመጣች። ከሩቅ ወረዳ ኩሬ አዲስ እንቁላል ታመጣለች። ሦስት ሳፋ ይዘጋጅ፤ አንዱ ባጃጅ ከሚታጠብበት በላይ ካለው ምንጭ፣ አንዱ ከማጠቢያው በታች ካለው ወንዝ፣ አንዱ ከሥራነሽ ኩሬ ይሞላ። እንቁላሉ ለሦስቱም እኩል ይከፈል። የተፈለፈለውን አይቶ መፍረድ ነው። አለቃ ጭራቸውን ወዘወዙና፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እንቁላሉ ይመስክር አሉ። ሳፋዎቹ የት ይቀመጡ ሲባል ኻሊድ ቀደመ።

«እሷ ቤት ይቀመጡ» አለ። «ሠላሳ ዓመት አምኛታለሁ፣ አንድ ሳምንት አያቅተኝም።»

ሥራነሽ ይህን ስትሰማ ትንሽ ደስ አላት፣ ትንሽ ደግሞ አልተመቻትም።

ፀደንያ እንቁላሉን በእርጥብ ቄጠማ ጠቅልላ በነጋታው አመጣች። ሦስቱም አረንጓዴ ሳፋዎች አንድ ዓይነት ነበሩና በየጎናቸው ወረቀት ጽፋ በፕላስተር ለጠፈች፤ ምንጭ፣ ወንዝ፣ ኩሬ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ከየቦታው ውኃ እየተቀዳ እንዲቀየር አዘዘች። ሥራነሽም እንቁላሎቹን ለአራስ የማይደረግ እንክብካቤ አደረገችላቸው። እሳት ዳር አስጠጋቻቸው፣ አይጥ እንዳይደፍርባቸው ሰፌድ ከደነችባቸው፣ ለድመቷም ማስጠንቀቂያ ሰጠች።

በስድስተኛው ቀን ተፈለፈሉ። ሽምግልናው በማግሥቱ ቅዳሜ ነበርና፣ የዚያን ዕለት ጠዋት አወቀ በሬዎቹን ሊያወጣ ሲነሣ፣ እሷ ሳፋዎቹን ብርሃን ወዳለበት ደጅ አውጥታ ፀደንያ የተወችላትን አጉሊ መነጽር ይዛ ተቀመጠች። መጀመሪያ ምንጩን አየች። ጫጩቶቹ እንደ መርፌ ቀጥ ብለው ውኃውን ይሰነጥቃሉ፤ ተመስገን አለች። ቀጥላ ወንዙን አየች። እዚህም እዚያም የጎበጠ አለ፤ የሚበዛው ግን ደህና ነው። ሥራነሽ ቅር አላት፣ መነጽሩንም ጠርጋ እንደገና አየች። በመጨረሻ ሦስተኛውን ሳፋ፣ የራሷን ኩሬ ውኃ አየች። አንድም ቀጥ ያለ የለም። ሁሉም ጎብጠው፣ አገጫቸው ሥር ውኃ ቋጥረው ይሽከረከራሉ።

እንግዲህ ከወንዙ የባሰ ነገር ኩሬዋ ውስጥ አለ ማለት ነው። ምን? ዓይኗን አንሥታ ኩሬውን ታይ ጀመር። አወቀ በሬዎቹን አቁሞ የኩሬው አጥር ላይ ደገፍ ብሎ ነበር። እሷን ሲያይ ቀና አለ፤ መዳፉን አየ፣ በሱሪው ጠረገው፣ እንደገና አየው። ከዚያ የዕለቱን ዐረፍተ ነገር አወጣ።

«ይኼ ነገር ይለቃል» አለ፤ ጥቁር መዳፉን አሳያት።

ሥራነሽ እጁ ላይ ያለውን ጥቁረት እያየች ቁጭ ብላ ቀረች። ሰባ ሁለት አጣና፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ከላይ እስከ ታች። በገዛ እጇ። ወንዙስ ይፈስሳል፣ የያዘውን ይዞ ይሄዳል፤ ኩሬ ግን የሰጡትን ሁሉ ያስቀምጣል። ኻሊድን በአገር ፊት አቁማ ስትሞግተው የከረመችው የራሷን እጅ ሥራ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ስለ እሷ ነው።

አሁን እውነቱን እንናገር፤ ሥራነሽ መልአክ አይደለችም። ዓይኗ ወረቀቶቹ ላይ አረፈ። «ኩሬ» የሚለውን «ወንዝ» ካለው ጋር ብታለዋውጠው ማንም አያውቅም። ኻሊድ ይሸነፋል፣ እሷ በአገር ፊት አትዋረድም፣ አጣናውን ደግሞ ቀስ ብላ በሌላ ሰበብ ትነቅለዋለች። ይህን እያሰበች ጥፍሯ ሄዶ ፕላስተሩን ላጠው። እርጥብ ነበርና ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ እጇ ላይ ቀረ።

ወረቀቱን እንደያዘች ቀና ስትል ማዶ ተዳፋቱ ላይ የወለተ ሰንበት ኩሬ ይታያል። አጥሩ በጠዋት ፀሐይ ጥቁር ብሎ ያብለጨልጫል። ከዚያ ወዲያ ሌላ አለ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ፤ ስድስቱም እሷን አይተው የቀቡ ናቸው። ወረቀቱን ብታለዋውጥ ስድስቱም ኩሬዎች እንደተቀቡ ይቀራሉ፤ የምታስረክባቸው ጫጩት ሁሉ አድጎ እንቁላል ሲጥል እንደገና ይጎብጣል፤ ሰዉም ዕድሜ ልኩን ወንዙን ሲረግም ይኖራል። ደግሞም ኻሊድ እሷ ቤት ይቀመጡ ብሏል። ደግሞም ዘኪያ አልሳቀችም።

ሥራነሽ ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰች። ፕላስተሩ ግን አንዴ ተነሥቷልና አልይዝ አለ። ብትጫነውም፣ ብታደርቀውም እምቢ አለ። በመጨረሻ ከቡሃቃው ሊጥ በጣቷ ዛቅ አድርጋ ለጠፈችው፤ እያለቀሰች መሳቅ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብሳናው ሥር ሰዉ ከፊተኛው እጥፍ ሆኖ ተሰበሰበ። አለቃ የኔአለም ፀደንያን ሳፋዎቹን እንድታይ ሲጋብዟት ሥራነሽ ተነሥታ እኔ ልቅደም አለች። ነጠላዋን አደገደገች። ያ ሁሉ የሙግት ወግ ግን ከአፏ ጠፋ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ዓሣዎቹን የጎዳው አጣናው ላይ የቀባሁት ዘይት ነው። ይህችን ወረቀትም ዛሬ ጠዋት ልለዋውጣት ልጫት ነበር፤ ሊጡን እዩት። ኻሊድ፣ ይቅር በለኝ።»

ፀደንያ ሳፋዎቹን አየችና አዎን ብላ ራሷን ነቀነቀች። አለቃ የኔአለም ፍርድ ሊሰጡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግን ኻሊድ ብድግ አለ። ፊቱ ከሥራነሽ ይልቅ ተደናግጧል። ዘይቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ አለ። ሁለተኛውን ጀሪካን ሳትጠይቀኝ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ለስድስቱም ሴቶች ያደልኩት እኔ ነኝ። ደግሞም ወንዙ ሳፋ ውስጥ የጎበጡ አሉ፣ እነሱ የእኔ ናቸው። ሥራነሽ በጭራሽ ብላ ተነሣች፤ የሰጠ ሰው አይወቀስም፣ የቀባሁት እኔ ነኝ አለች። ኻሊድ ሥራዬ ዘይት ነውና ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ አለ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ እሱም ከፍ አደረገ። ባለፈው ቅዳሜ ጥፋቱን እየተወራወሩ የተጣሉት ሰዎች ዛሬ እየተናጠቁት ሊጣሉ ደረሱ።

አለቃ የኔአለም ጭራቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል» አሉ። «እኛ ጎርጉረን ጨዋ ሰው አወጣን። አርባ ዓመት ስሸመግል ጥፋት የሚቀማማ ባለጉዳይ አላየሁም።»

ፍርዱ ብዙ አልፈጀም። ኻሊድ ባጃጅ የሚያጥብበትን ቦታ ከወንዙ ያርቅና ውኃው የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይቆፍር፤ የተቃጠለውንም ዘይት ከእንግዲህ በበርሜል ይያዝ። ሥራነሽ ውርርዷን ትፈጽም። ስድስቱም ሴቶች ጎረቤት ጠርተው አጣናውን ይንቀሉ። ኻሊድ ውርርዱ ይቅር ብሎ ለመነ፤ ሥራነሽ ግን የተወራረደ ይከፍላል ብላ እምቢ አለች። ወለተ ሰንበት ከኋላ ሆና፣ ድንቹ ገና አልቀረም፣ ሰኔ ሚካኤል ቅርብ ነው አለች። ዘኪያ ተነሥታ የሥራነሽን ነጠላ አቃናችላትና አብራት ቁጭ አለች።

በሳምንቱ አጣናው ተነቀለ። መንደሩ በጅጌ ወጥቶ ዓሣዎቹን በበርሜል አኖረ፣ ኩሬውን አፈሰሰ፣ ጥቁር ያዘለውን ጭቃ ዝቆ ከእርሻና ከወንዝ አርቆ ቀበረው፣ ማጠቢያው ከወንዙ ርቆ ነበርና አዲስ ውኃም ከዚያው በቦይ አስገባ። አጥሩ በድንጋይ ካብ ተተካ፤ ምስጥ ድንጋይ ሲበላ አልታየምና። ወለተ ሰንበት ከሁሉ በላይ ሠራች፣ ከሁሉ በላይም አወራች። ሥራነሽ በበኩሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አማኑኤል እየሄደች፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ባጃጅ አጠበች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ አፈሩ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ማዘር ይቺ ጎማ ሥር ይቀራል ማለት ጀመሩ።

በግንቦት አጋማሽ ዓሣዎቹ ቄጠማው ላይ እንቁላል ጣሉ። ሥራነሽ አምስት ቀን ሙሉ ወደ ኩሬው አልወረደችም፤ ፈራች። በስድስተኛው ቀን አወቀ ወርዶ አይቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳያት። የዚያን ቀን አንድም ዐረፍተ ነገር አላስፈለገውም። ሥራነሽ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ እየሮጠች ወረደች።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ስድስቱ ሴቶች ጀሪካን ይዘው መጡ። ዘኪያም መጥታ ነበርና እያንዳንዱን ጀሪካን ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፤ ዘይት የሸተታትን ሁለቱን አባረረች። ወለተ ሰንበት ጫጩቶቿን ብርሃን ላይ ይዛ ለረዥም ጊዜ አየች። እንግዲህ ድንቹን ከገበያ እገዛለሁ አለች።

የሰባተኛው ቅዳሜ ባጃጅ የመጨረሻዋ ነበረች። ሥራነሽ አዲሱ ጉድጓድ ዳር ሞተሩን ወልውላ ስትጨርስ እስከ ክርኗ ጥቁር ሆናለች። ዘኪያ ከቤት ጠራቻት። ሥራነሽ ጠዋት በቅጠል ጠቅልላ ያመጣቻቸው ሁለት ትልልቅ ዓሣዎች በበርበሬ ቀልተው፣ መሐል ቤት በአንድ ትሪ ቀርበዋል። የሰኔ ጾም የቄስ ጾም ነው ብላ ሥራነሽ አስቀድማ ተከራክራ ጨርሳለች። ኻሊድና አወቀ አንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ዘኪያ ከአጠገቧ ቦታ ለቃለች። የማን ቢላዋ ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ሥራነሽ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ዘይቱ ግን ጥፍሯ ሥር እንደተጣበቀ ነው፤ ሦስተኛ ልትታጠብ ስትነሣ ዘኪያ ያዘቻት።

«ተቀመጪ» አለቻት። «አንቺ አትንኪው።»

ከዚያ እንጀራ ቆርሳ፣ እሾሁን በጣቷ ለቅማ አውጥታ፣ ከዓሣው አፍ የሚሞላ ጠቀለለች። ሥራነሽ ጥቁር እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አፏን ከፈተች። ሠላሳ ዓመት የጠበቀችውን ጉርሻ እያላመጠች እንባዋ መጣ፤ ዘኪያ በርበሬው ነው ብላ ሁለተኛውን ጠቀለለችላት።